ኬላ ጠባቂው ዝም ሲል፦ የኢንተርኔት መንገዶች አጭር ታሪክ

የዛሬው ረዘም ያለ ነው፤ ቡና አፍልታችሁ ብታነቡት ይሻላል። ጉዳዩ የኢንተርኔት መንገድ ታሪክ ነው። «የታሪክ መምህርን ከራውተር ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ያገናኘኝ ጥፋቴ ነው። እሱን ሳልናገር ወደ ታሪኩ ብገባ ግን ልክ አይሆንም።

ባለፈው ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ለብሔራዊ ፈተና በኦንላይን የሚመዘገቡበት ሳምንት ነበር። እኛ መምህራን የምናርፍበት ክፍል ዋይፋይ አይደርሰውም። እኔ ደግሞ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ፣ ዘመዴ ቤት ሥራ ፈቶ የተቀመጠ አሮጌ ራውተር አመጣሁና ግድግዳው ላይ ካለው የኔትወርክ ሶኬት ጋር በገመድ አገናኘሁት። ዋይፋዩ ስልኬ ላይ ታየ፤ ኢንተርኔቱ ግን አልሠራም። «ነገ አየዋለሁ» ብዬ እንደተሰካ ትቼው ወደ ክፍል ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ሬጅስትራር ቢሮ ያሉት ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ከኢንተርኔት መውጣት ጀመሩ። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም፤ አጥፍተው ሲያበሩት የሚሠራውም ይቆማል። ተማሪዎቹ በሰልፍ ቆመዋል። ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉን፤ ምዝገባ ቢያመልጣቸው የሚያመልጣቸው አንድ ዓመት ነው። በሁለተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ መጡና የኔትወርክ ሠራተኛችንን፣ ገና ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ነው፣ በተማሪዎቹ ፊት «ታዲያ አንተ ደሞዝ የምትበላው ለምንድነው?» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ።

ያን ዕለት ማታ ወደ ቤት ልሄድ ስል «ይሄ ነገር ካልሠራ ልመልሰው» ብዬ ራውተሩን ነቀልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ብዙም ሳይቆይ ከሬጅስትራር በኩል «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ገባኝ። ምን እንዳደረግኩ ባላውቅም ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩ አወቅሁ። ዝም ብዬም ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱም ዝም አልኩ። ልጆቹ እግዜር ይመስገን ሁሉም ተመዘገቡ፤ እኔም «አለቀ» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ለልጁ ሻይ ጋብዤ የነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ቲቸር፣ የሰካኸው አንተ ነህ፤ ክፍት የተውኩት ግን እኔ ነኝ» አለኝ። ነገሩን ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተር ሲበራ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ይጣራል። ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል፤ መታወቂያ አይጠይቅም። የእኔ አሮጌ ራውተር ከትምህርት ቤቱ መሣሪያ ቀድሞ እየመለሰ አድራሻ ሲያድል ነበር ማለት ነው፤ «ወደ ውጭ የሚያወጣው መንገድ እኔ ነኝ» እያለም ሁሉንም ወደ ራሱ ይጠራ ነበር። እሱ ጋ ደግሞ መውጫ የለም። «ስዊቹ ላይ፣ ከተፈቀደለት ሶኬት በቀር ማንም አድራሻ አያድልም የሚል ትእዛዝ መጻፍ ነበረብኝ። ምንም ስላልጻፍኩበት ሁሉንም አሳለፈ» አለኝ።

ከዚያ የተናገራት ነገር ናት ይህን ጽሑፍ የወለደችው። «ይሄ የእኛ ትምህርት ቤት ጉድ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የዓለም ኢንተርኔት በሙሉ እንዲህ ነበር የኖረው። ካልከለከልክ ሁሉም ያልፋል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርፍ ሰዓቴን ሁሉ ይህን ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ሀ. መንገድና ኬላ

የታሪክ ሰው ነኝና በምናውቀው ልጀምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ከቦንጋ ተነስቶ፣ በጅማ፣ በሊሙ እናርያዋ ሳቃ አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያም ምጽዋ። ይህ ነጋዴ የሚሄደው በአጭሩ መንገድ አይደለም። በሚያሳልፈው መንገድ ነው። እዚህ ኬላ ቀረጡ ይበዛል፣ እዚያ ደግሞ የአካባቢው ገዥ ከወዲያኛው ጋር ተጣልቷል፣ በዚህ በኩል ያለው ኬላ ጠባቂ ዘመድ ነው። የመንገዱን ካርታ የሚሠራው ርቀት ብቻ ሳይሆን ስምምነት፣ ጥቅምና እምነት ነው።

ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን ኢንተርኔት አንድ ትልቅ ነገር ይመስለናል። አይደለም። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ኔትወርኮች ስብስብ ነው፤ የቴሌኮም ኩባንያ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ባንክ፣ እንደ ጉግል ያለ ድርጅት። እያንዳንዱ ራስ ገዝ ነው፤ የራሱ መለያ ቁጥርም አለው። ከላይ ሆኖ «አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ» የሚል ንጉሠ ነገሥት የለም። ታዲያ የእኔ ስልክ አሜሪካ ያለ ኮምፒውተርን እንዴት ያገኘዋል? በወሬ ነው! እያንዳንዱ ኔትወርክ ለጎረቤቱ «እነዚህ አድራሻዎች እኔ ጋ ናቸው፤ ወደ እነ እገሌም በእኔ በኩል ይደረሳል» ብሎ ያወራል። ጎረቤቱም ለጎረቤቱ ያወራል። ወሬው ዓለምን ይዞራል። ይህን ወሬ የሚያስተላልፈው ቋንቋ ቢጂፒ ይባላል።

ወሬው ሲቆም ምን እንደሚሆን ሁላችሁም አይታችኋል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም አንድ ላይ ጠፍተው ስድስት ሰዓት ገደማ አልቆዩም? እኔ በዚያ ምሽት ስልኬን አራቴ አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ ቴሌንም በሆዴ ረግሜያለሁ። ጥፋቱ የቴሌ አልነበረም። የፌስቡክ መሐንዲሶች ለጥገና የሰጡት አንድ ትእዛዝ የራሳቸውን የውስጥ መስመር በሙሉ በጠሰው። ትእዛዙን መርምሮ ማስቆም የነበረበት ፕሮግራምም ስህተት ነበረበትና አሳለፈው። የስም መዝገብ ሰርቨሮቻቸው ከማዕከሉ መገናኘት ሲያቅታቸው «እኛ ጋ አትምጡ» ብለው ማስታወቂያቸውን ከዓለም ላይ አነሱ። በቃ፣ ፌስቡክ ከካርታው ላይ ጠፋ። ሕንፃው አለ፣ ኮምፒውተሩ አለ፣ መብራቱ በርቷል፤ መንገዱን የሚናገር ግን የለም።

እንግዲህ ራውተር ላይ የመንገድ ፖሊሲ መጻፍ የሚባለው ለዚህ ወሬ ኬላ ማቆም ነው። ኬላው ሦስት ነገር ይወስናል። አንደኛ፣ ከየትኛው ጎረቤት የትኛውን ወሬ እቀበላለሁ? ሁለተኛ፣ ወደ አንድ ቦታ ሁለት መንገድ ቢነገረኝ የቱን አስቀድማለሁ? ሦስተኛ፣ የሰማሁትን ለማን እናገራለሁ፣ ለማንስ እደብቃለሁ? ለምሳሌ ትንሽ ኩባንያ ከሁለት ትልልቆች ኢንተርኔት ቢገዛ፣ ከአንዱ የሰማውን መንገድ ለሌላው መናገር የለበትም። ከተናገረ ሁለቱ ግዙፎች በእሱ ቀጭን ገመድ መገናኘት ይጀምራሉ። በዋናው አውራ ጎዳና የሚሄድ መኪና ሁሉ በእናንተ ግቢ በኩል እንዲያቋርጥ መፍቀድ ማለት ነው።

ለ. ሶፍት ላይ የተጻፈ ሕግ

በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. ነው የምለው) የዛሬው ኢንተርኔት ገና ትንሽ ነበር፤ ቅርጹም የዛፍ ነው። መሐል ላይ አንድ ግንድ፣ ዙሪያውን ቅርንጫፎች። ኢጂፒ የተባለው የጊዜው ቋንቋ ሁሉም ነገር በግንዱ በኩል እንደሚያልፍ አድርጎ የተሠራ ነበር። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ አይከብደንም፤ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 እስኪጀምር ድረስ ለአብዛኛው ሰው ኔትወርክ ማለት ቴሌ፣ ቴሌ ማለት ኔትወርክ ነበር።

ከዚያ ግንዶቹ በዙ። የአሜሪካ የሳይንስ ፋውንዴሽን ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኝ ኤንኤስኤፍኔት የሚባል የራሱን ታላቅ መስመር ዘረጋ። መስመሩ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ስለሆነ ሕግ ነበረው፦ ለምርምርና ለትምህርት ብቻ፤ ንግድ አያልፍበትም። እዚህ ላይ ልብ በሉ። «ይህ መንገድ አጭር ነው» ማለት ብቻውን መልስ መሆኑ የቀረው ያኔ ነው። «አጭር ነው፤ ግን ለማን ተፈቅዷል?» የሚል ጥያቄ መጣ። የዛፉ ቋንቋ ይህን መናገር አይችልም።

እ.ኤ.አ. በጥር 1989 የኢንተርኔት መሐንዲሶች ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ ተሰበሰቡ። በምሳ ሰዓት የአይቢኤሙ ያኮቭ ሬክተርና የሲስኮው ከርክ ሎሂድ ጠረጴዛ ላይ ያገኙትን ሶፍት አንስተው አዲስ ቋንቋ ነደፉ። ሁለት ሦስት ሶፍት ሞላ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ሰነዱ በይፋ ታተመ፤ ቢጂፒ ተወለደ። እስከ ዛሬም መሐንዲሶች ሲቀልዱ «የሁለት ሶፍቱ ፕሮቶኮል» ይሉታል።

ቋንቋው ሁለት ብልሃት ይዞ መጣ። አንደኛው፣ ወሬው የተቀባበሉትን ኔትወርኮች ዝርዝር ይዞ ይሄዳል፤ ከእገሌ፣ ከእገሌ፣ ከእገሌ እየተባለ። አንድ ኔትወርክ ዝርዝሩ ውስጥ የራሱን ስም ካየ «ይሄ ዞሮ የመጣ የራሴ ወሬ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ራስ ገዝ የፈለገውን ፖሊሲ በራሱ ኬላ ላይ መጻፍ ይችላል። ማንም አያዘውም።

ግን አንድ ነገር ጎደለው። ተናጋሪው እውነት መናገሩን የሚያረጋግጥ ነገር የለውም። አይፈረድባቸውም። ያኔ ኔትወርኮቹ ጥቂት ነበሩ፤ የሚያንቀሳቅሷቸውም ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ችግር ሲፈጠር ስልክ ይደዋወላሉ። በሰፈር ውስጥ በር የሚዘጋ አለ እንዴ? ሌላም ነገር አለ፤ ዋናው ነጥቤ ይሄ ነው። ኬላው ላይ ምንም ፖሊሲ ካልተጻፈ ምን ይሁን? በአብዛኞቹ ራውተሮች ላይ መልሱ «ሁሉም ይግባ፣ ሁሉም ይውጣ» ሆነ። የጠባቂው ዝምታ እንደ ፈቃድ ተቆጠረ።

እኛ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንላለን። ራውተር ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ዝም ባለው አፍ ነው ዝንቡ የሚገባው።

ሐ. ቁጥር 7007

ሚያዝያ 17 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25፣ 1997)፣ ዕለተ አርብ። አንዲት አነስተኛ የኢንተርኔት አቅራቢ፣ መለያ ቁጥሯ 7007፣ አንድ ራውተሯ ተሳሳተ። ከሌሎች የሰማውን የዓለም መንገድ ቆራርሶ ቆራርሶ፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ባለቤት ስም ፍቆ፣ «የዚህ ሁሉ አድራሻ ባለቤት እኔ ነኝ» ብሎ ለጎረቤቶቹ አወጀ።

መቆራረሱ ለምን አደገኛ ሆነ? ራውተሮች አንድ የማይለወጥ ሕግ አላቸው፤ ሁለት መረጃ ሲደርሳቸው ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን ያምናሉ። እኛም እኮ እንዲሁ ነን። አንዱ «ቤቱ ሜክሲኮ አካባቢ ነው» ቢላችሁ፣ ሌላው ደግሞ «ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ስትወርዱ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር» ቢላችሁ ማንን ትከተላላችሁ? ሁለተኛውን። ሁለተኛው የተሳሳተ ቢሆንስ? ያው እሱን ነው የምትከተሉት።

ስፕሪንት የተባለው ግዙፍ ተሸካሚ ወሬውን ሳያጣራ ተቀበለና ለዓለም አስተላለፈ። የብዙ አገር ትራፊክ ወደዚያች ትንሽ ኩባንያ ጎረፈ፤ መሸከም አትችልም፤ ሁሉም እዚያው ቀረ። የኩባንያዋ ሰዎች ጥፋታቸውን እንዳወቁ ራውተሩን ከመስመር ነቀሉት። ግን ወሬ ከወጣ በኋላ ምላስን ቢቆርጡት ምን ይጠቅማል? የውሸት መንገዶቹ ራውተሩ ከጠፋም በኋላ ለሰዓታት ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ ሲዞሩ ቆዩ። የኩባንያዋ ሰው በማግስቱ ለመሐንዲሶቹ ማኅበረሰብ በጽሑፍ ምን እንደተፈጠረ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ይህን ሳነብ አፈርኩ። እሱ በማግስቱ ተናገረ፤ እኔ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም «ማጣሪያ ያስፈልጋል» አለ። አንዳንዶች ጻፉ፣ ብዙዎች አልጻፉም። ማጣሪያ መጻፍ አድካሚ ነው፦ የእያንዳንዱን ደንበኛ አድራሻ መመዝገብ፣ ሲቀየር መቀየር፣ «ይህ ደንበኛ ያለው አሥር መንገድ ነው፤ መቶ ካወራ መስመሩን ዝጋ» የሚል ገደብ ማስቀመጥ ይጠይቃል። ካልጻፍከውም ያንተ ኔትወርክ ይሠራል! የሚጎዳው ሌላው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቅጠሉን የሚያመጣ ነው የጠፋው።

መ. የካቲት 16 ቀን 2000

የእኛ ሚሊኒየም ዓመት ነው። እኔ ኮሌጅ ነበርኩ፤ ዩቲዩብን በስም እንጂ በተግባር አላውቀውም፤ በዚያ ፍጥነት ቪዲዮ ማየት የሚታሰብም አልነበረም። የፓኪስታን መንግሥት በአንድ ቪዲዮ ምክንያት ዩቲዩብ በአገሪቱ እንዲዘጋ አዘዘ። የፓኪስታን ቴሌኮም ሠራተኞችም ትእዛዙን ለመፈጸም ራውተራቸው ላይ ለዩቲዩብ አድራሻ የውሸት መንገድ ፈጠሩ፤ ማንም ዩቲዩብ ሲል ወደ ባዶ ጉድጓድ እንዲገባ።

ይህ ወሬ አገር ውስጥ መቅረት ነበረበት። አልቀረም። «ይህን ወደ ውጭ አታውጣ» የሚለው ኬላ አልነበረምና፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3፡47 ላይ ሆንግ ኮንግ ወዳለው አስተላላፊያቸው ፒሲሲደብሊው ሾለከ። እሱም «ይሄ አድራሻ የደንበኛዬ ነው ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ለዓለም አወራው። ዩቲዩብ ያወጀው 1,024 አድራሻዎችን በአንድ ላይ ነበር። ፓኪስታን ያወጀው ከእነዚያ ውስጥ 256ቱን ብቻ ነው፤ ማለትም ይበልጥ ዝርዝር ነው። በደቂቃዎች ውስጥ የዓለም ራውተሮች ዩቲዩብ ፓኪስታን ውስጥ ነው ብለው አመኑ። በጉድጓዱ ውስጥ ዓለም ገባበት።

ዩቲዩብ ምን አደረገ? ከምሽቱ 5፡07 ላይ እሱም ያንኑ 256 አድራሻ አወጀ። አሁን ሁለቱ እኩል ዝርዝር ናቸው፤ ዓለም ለሁለት ተከፈለ፤ የቀረበው የቀረበውን አመነ። ከ11 ደቂቃ በኋላ ደግሞ 256ቱን ለሁለት ከፍሎ 128፣ 128 አድርጎ አወጀ። አሁን ይበልጥ ዝርዝሩ እሱ ሆነ። በመጨረሻ እኩለ ሌሊት ላይ፣ 6፡01፣ ፒሲሲደብሊው የፓኪስታንን ወሬ አቆመ፤ ነገሩ በረደ። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቷል።

አስቡት፤ የዓለም ትልቁ የቪዲዮ ድርጅት፣ ጉግልን የሚያህል ባለቤት ያለው፣ የራሱን አድራሻ ለማስመለስ የነበረው መሣሪያ ከሌላው የበለጠ ዘርዝሮ መጮህ ብቻ ነበር። ክስ የሚያቀርብበት ዳኛ የለም። «ካርታዬን እዩልኝ» የሚልበት ቦታ የለም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ በ7007ም በዩቲዩብም ታሪክ ጥፋተኛው ሁለት ነው። አንድ የተሳሳተ አለ፤ አንድ ዝም ያለ አለ። ዜናው ግን የሚያወራው ስለተሳሳተው ብቻ ነው።

ሠ. ዝምታ ክልከላ የሆነበት ቀን

መፍትሔው በሁለት በኩል መጣ።

የመጀመሪያው የቤት ካርታ ነው ብላችሁ አስቡት። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የአድራሻ መዝጋቢ ድርጅቶች አርፒኬአይ የሚባል አሠራር ዘረጉ። የአድራሻው ባለቤት «ይህን አድራሻ ማወጅ የሚችለው ይህ ቁጥር ያለው ኔትወርክ ብቻ ነው» የሚል በዲጂታል የተፈረመ ሰነድ ያስቀምጣል። ራውተሮች ወሬ ሲደርሳቸው ከሰነዱ ጋር ያመሳክራሉ፤ ካልገጠመ ይጥሉታል። ነገሩ በፈቃደኝነት ነውና በዝግታ ነው የሄደው፤ ከኢንተርኔት መንገዶች ግማሽ ያህሉ ሰነድ የኖራቸው በ2024 ነው። ያውም ሰነዱ የሚያረጋግጠው ባለቤቱን እንጂ በመሐል ያለውን መንገድ አይደለም። ካርታ ቤቱ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ ወደ ቤቱ የሚመራችሁ ደላላ ሐቀኛ ይሁን አይሁን አይናገርም።

ሁለተኛው ለእኔ የበለጠ የሚደንቀኝ ነው፤ ምክንያቱም ምንም አዲስ ቴክኖሎጂ የለበትም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 አንዲት አጭር ሰነድ ታተመች፤ ቁጥሯ 8212 ነው። የምትለው በአጭሩ ይህን ነው፦ በሁለት ኔትወርኮች መካከል ባለው ኬላ ላይ ፖሊሲ ካልተጻፈ፣ ራውተሩ ምንም አይቀበል፣ ምንም አይናገር። በቃ። ይኼው ነው። ከ1989 እስከ 2017፣ 28 ዓመት ሙሉ ዝምታ «እለፍ» ማለት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዝምታ «ቁም» ማለት ሆነ፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ። ጠባቂው አስቦ፣ በእጁ ጽፎ ካልፈቀደ ማንም አያልፍም።

ቢያንስ በወረቀት ላይ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ የተተከሉ ኬላዎች በአንድ ሌሊት አይለወጡም፤ የቆየውን ኔትወርክ እንዳይሰብሩ ፈርተው በድሮው ልማድ የቀጠሉ ራውተሮች ብዙ ናቸው። ሰኔ 17 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 24፣ 2019) ፔንስልቬንያ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ አቅራቢ ለራሱ መንገድ ለማሻሻል ብሎ የቆራረሳቸው መንገዶች ወደ ደንበኛው፣ ወደ አንድ የብረታ ብረት ኩባንያ አለፉ። የብረታ ብረቱ ኩባንያ ደግሞ ሌላ አቅራቢም ነበረው፤ ቬራይዘን። ለእሱ አወራ። ቬራይዘን አላጣራም። ለሁለት ሰዓት ያህል የዓለም ትራፊክ አንዱ ክፍል በብረት ፋብሪካ ኔትወርክ በኩል ልለፍ አለ! ክላውድፌር የተባለው ድርጅት ብቻውን ከዓለም አቀፍ ትራፊኩ 15 በመቶ ያህሉን ያጣበት ጊዜ ነበር። ከ7007 በኋላ 22 ዓመት አልፏል። ታሪኩ ግን ያው ነው፤ አንድ ትንሽ ተሳሳተ፣ አንድ ትልቅ ዝም አለ።

ረ. ወደ ቤታችን

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ «ታሪክ ስንማር የንጉሡን ስም ብቻ አትሸምድዱ፤ ሥርዓቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ጠይቁ» እላቸዋለሁ። ለራሴ ግን አልጠየቅሁም። ሬጅስትራር ሲቆም የታየን ሰው ነው፤ ልጁ። «ደሞዝ የምትበላው ለምንድነው?» የተባለው እሱ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው። ማንም ሥርዓቱን አልጠየቀም፦ ማንኛውም መምህር ያገኘውን ሳጥን ግድግዳ ላይ ሰክቶ የ12ኛ ክፍልን ምዝገባ ማስቆም የቻለው እንዴት ነው? ለዚህ ልጅ ጊዜ፣ ሥልጠና፣ የሚጽፈው ፖሊሲ ሰጥተነዋል ወይ? ኬላ ያለ ጠባቂ አቁመን፣ ሌባ ሲያልፍ በአቅራቢያው የተገኘውን እንገርፋለን።

የዚህ ታሪክ መሐንዲሶች ያስተማሩኝ ይህን ነው። ስህተት አይቀርም። በ7007ም፣ በፓኪስታንም፣ በእኛ መምህራን ማረፊያም ሰው ይሳሳታል። ስህተትን ጥፋት የሚያደርገው ከጎኑ ያለው ዝምታ ነው። ዝምታው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ፖሊሲ ያልጻፈው ኬላ አለ፣ ጥፋቱን እያወቀ ያልተናገረው ሰው አለ። እኛ ትምህርት ቤት ሁለቱም ነበሩ።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁ የተነቀፈው በተማሪዎች ፊት ስለሆነ እኔም በተማሪዎች ፊት ልናገር ብዬ አስፈቀድኩ። ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ወጥቼ ተናገርኩ። ያኔ በሰልፉ ላይ የነበሩት ልጆች ብዙዎቹ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ አልሰሙኝም። ይህን ጽሑፍ እዚህ የለጠፍኩት በከፊል ለዚያ ነው። ፌስቡክ ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ በዚያ ሳምንት ኔትወርኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም።

ልጁ አሁን ስዊቹን አስተካክሎታል። አስተዳደሩ ፈቅዶለት ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሲሠራ ዋለ። እኔም ገመድ ያዥ ሆኜ አግዤዋለሁ። ካልተፈቀደ ሶኬት አድራሻ የሚያድል መሣሪያ ቢሰካ ስዊቹ አይሰማውም። ለሙከራ ያንን አሮጌ ራውተር አመጣሁና በዚያው ሶኬት ሰካሁት። ሬጅስትራር ሄደን አየን፤ ምንም አልሆነም። ልጁ ሳቀና «ቲቸር፣ አሁን ብትፈልግ አሥር ሰካ» አለኝ።

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየክሊኒኩ ኔትወርክ የምትይዙ ወንድሞችና እህቶች፣ የእናንተን ያህል ባላውቅም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ሥራ ስትገቡ «ምንም ያልጻፍኩበት ኬላ የቱ ነው?» ብላችሁ አንድ ጊዜ እዩ። አለቆች ደግሞ፣ ሰውየውን ከመውቀሳችሁ በፊት በሩን ማን ክፍት እንደተወው፣ ለመዝጋትስ ጊዜ ተሰጥቶት እንደነበር ጠይቁ።

የተሳሳትኩት ካለ በኮሜንት አርሙኝ።

ቸር እንሰንብት።